ከመስኮት ኋላ ያለች ፀሐይ፦ ለውሃ ዔሊ ሙቀትና አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለ ማዘጋጀት

የውሃ ዔሊ በቤት ውስጥ ስለ ማኖር የሚነገረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ምግብዋና ስለ ውሃዋ ንጽሕና ነው። ብርሃን ግን ይረሳል፤ ክፍሉ ብሩህ ከሆነ ለሰው ዓይን የጐደለ ነገር አይታይምና። እኛም በትምህርት ክፍላችን አንዲት ትንሽ ዔሊ ስናኖር በዚሁ ስሕተት ወድቀን ነበር። ስለዚህ ከስሕተታችን የተማርነውን፣ በኋላም አንብበንና ለክተን የተረዳነውን ለጓደኞቼ ተማሪዎችና ለመምህራን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ ይኸውም ሙቀትና አልትራቫዮሌት ጨረር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ሆኖም ሁለቱ በአንድ ድንጋይ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ካልተገናኙ ለዔሊዋ አጥንት የሚገባውን ጥቅም አይሰጡም።

ዔሊዋ የመጣችው ከአዋሽ ቆላ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልት ስታቋርጥ አንድ ጓደኛችን አገኛትና ከመኪና ጎማ አድኖ በፕላስቲክ ባልዲ ይዟት መጣ። ያን ጊዜ የጀርባዋ ርዝመት 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ወገንዋ ፔሎሜዱሳ ይባላል። እነዚህ ዔሊዎች እንደ የብስ ዔሊ አንገታቸውን ወደ ኋላ ስበው አይደብቁም፤ ወደ ጎን አጥፈው ከቅርፊታቸው ከንፈር ሥር ያስገቡታል። በበጋ ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ዝናብ ይጠብቃሉ። ከደቡብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ የመን ድረስ የሚገኙት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ተብሎ ለብዙ ዘመን «ፔሎሜዱሳ ሱብሩፋ» ሲባሉ ኖረዋል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ግን ተመራማሪዎች የዘር ውርሳቸውን መርምረው ወደ አሥር ያህል ዓይነት ከፍለዋቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ፔሎሜዱሳ ብቻ እላታለሁ። ስትቈጣ የምታወጣው ሽታ ለሌላ ጽሑፍ የሚበቃ ስለ ሆነ እዚህ አላነሣውም።

የአዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስትሆን አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በቆላው ኩሬ ውሃው ሌሊቱን ለብ እንዳለ ያድራል። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። ዔሊ እንደ ሰው ሙቀትን ከውስጥዋ አመንጭታ የምትጠብቅ እንስሳ አይደለችም፤ የሰውነትዋ ሙቀት በዙሪያዋ ያለውን ይከተላል። በበረዳት ጊዜ የበላችው አይፈጭላትም፤ በሽታን የመከላከል ኃይልዋም ይደክማል። ስለዚህ ሙቀት እንደሚያስፈልጋት ለማወቅ ብዙ መማር አያሻም፤ እኛም ይህን ያህል አውቀን ነበር። ያላወቅነው ሌላውን ነው።

ገንዳችን 80 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ነበር። ወደ ምሥራቅ በሚያይ መስኮት ሥር አኖርነውና ከውሃው በላይ ብቅ የሚል ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባንበት። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ዔሊዋ ከድንጋዩ ላይ ወጥታ፣ አራቱን እግሮችዋን ዘርግታና አንገትዋን አስረዝማ ስትሞቅ እናያት ነበር። «እንደ አገርዋ ሆነላት» እያልን ለመጣው እንግዳ ሁሉ እናሳያት ነበር። ምግብዋ አጥንት የሌለው ቀይ የበሬ ሥጋ ነበር፤ በደስታ ትበላው ስለ ነበር ሌላ አልፈለግንም።

በአራተኛው ወር ላይ መብላት ቀነሰች። ወደ ድንጋዩ ስትወጣ የኋላ እግሮችዋ ሰውነትዋን መሸከም እያቃታቸው ይጐተቱ ጀመር። በአምስተኛው ወር መምህራችንን ጠራናቸው። እርሳቸውም በመዳፋቸው ይዘው የቅርፊትዋን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ጫን ቢያደርጉት እንደ እርጥብ ቁርበት ጐበጠ።

«ልጆች፣ ፀሐይ ታገኛለች?» ብለው ጠየቁን።

«አዎን፣ በየቀኑ ታገኛለች» አልን።

ወደ መስኮቱ አዩና «መስኮቱን ከፍታችሁ ነው ወይስ ዘግታችሁ?» አሉ።

ብርድ እንዳይገባባት ብለን ዘወትር እንዘጋው ነበር።

የነገሩን ምክንያት ለመረዳት ወደ ብርሃን ትምህርት ትንሽ መመለስ ያስፈልጋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን የክፍሉን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደው፣ በቀዳዳ የገባችውን የፀሐይ ጨረር በፕሪዝም አሳልፈው በግድግዳው ላይ የቀስተ ደመና ቀለሞችን አሳይተውን ነበር። ያን ጊዜ ቀለሞቹ የሚያልቁበት ቦታ ብርሃኑም የሚያልቅበት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1800 ዓ.ም. ዊልያም ኸርሼል የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም ውጭ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ቢያኖረው ሙቀቱ ከፍ ብሎ አገኘው። በሚከተለው ዓመት፣ በ1801፣ ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር በሌላው ጫፍ ሞከረ። በብርሃን የሚጠቁረውን የብር ክሎራይድ ከሐምራዊው ቀለም ውጭ ቢያኖረው፣ ቀለም በሚታይበት ቦታ ካኖረው ይልቅ ፈጥኖ ጠቆረ። ከቀዩ ወዲያ ያለውን ዛሬ ኢንፍራሬድ፣ ከሐምራዊው ወዲያ ያለውን አልትራቫዮሌት እንለዋለን።

እንግዲህ ዔሊዋ የምትፈልጋቸው ሁለቱ ነገሮች በሚታየው ብርሃን ግራና ቀኝ የቆሙ ናቸው፤ ዓይናችን ደግሞ የሚያየው መካከለኛውን ብቻ ነው። አንድ መብራት ደምቆ ቢታይ ሙቀትም አልትራቫዮሌትም ላይሰጥ ይችላል። በዓይን መፍረድ የማይቻለው ስለዚህ ነው።

አልትራቫዮሌትም ራሱ አንድ አይደለም። የሞገዱ ርዝመት ከ315 እስከ 400 ናኖ ሜትር የሆነው «ኤ»፣ ከ280 እስከ 315 የሆነው «ቢ»፣ ከ280 በታች ያለው «ሲ» ይባላል። ከፀሐይ የሚወጣውን «ሲ» አየሩ፣ በተለይም ኦዞን የሚባለው ጋዝ፣ መሬት ሳይደርስ ይውጠዋል። ለአጥንት የሚጠቅመው «ቢ» ነው። የተለመደው የመስኮት መስተዋት የሚታየውን ብርሃን ሁሉ ያሳልፋል፤ ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ከ«ኤ»ም ብዙውን ያሳልፋል፤ «ቢ»ን ግን ፈጽሞ ያስቀረዋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእኛዋ ዔሊ አምስት ወር ሙሉ ፀሐይ ስትሞቅ የከረመች ቢመስለንም ለአጥንትዋ ግን በጨለማ እንደ ከረመች ያህል ነበር።

«ቢ» ጨረር የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነው። በቆዳ ውስጥ 7-ዲሃይድሮኮሌስቴሮል የተባለ ከኮሌስቴሮል ጋር የሚዛመድ ነገር አለ። ጨረሩ ይህን ሲመታው ቀለበቱ ይከፈትና ቅድመ ቪታሚን ዲ 3 ይሆናል። የጨረሩ ድርሻ በዚሁ ያበቃል። ቅድመ ቪታሚኑ ወደ ቪታሚን ዲ 3 የሚለወጠው በብርሃን ሳይሆን በሙቀት ነው። በሰው ቆዳ ውስጥ ሙቀቱ ዘወትር ስላለ ይህን ሁለተኛ እርምጃ ማንም ልብ አይለውም። በዔሊ ግን ሙቀቱ ከውጭ ካልመጣ ለውጡ እጅግ ይዘገያል። ቪታሚኑ ከተሠራ በኋላ መጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎም በኩላሊት ተለውጦ ሥራውን ይጀምራል፤ ሥራውም አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን እንዲቀበል ማድረግ ነው። ይህ ሲጐድል ደም ካልሲየም እንዳያጣ ሰውነት ከአጥንትና ከቅርፊት እየሸረፈ ይወስዳል። ዔሊ ቤትዋን በጀርባዋ ትሸከማለች ይባላል፤ በዚህ በሽታ ጊዜ ቤትዋን እየበላች ትኖራለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። ሥጋ በል የሆኑ የውሃ እንስሳት ቪታሚን ዲን ከሚበሉት ዓሣ ስለሚያገኙ መብራቱ አያስፈልጋቸውም የሚሉ አሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ምርመራ በአሜሪካ ተደርጓል። በዓለም ላይ በቤት ውስጥ እጅግ የተስፋፋችው የሚሲሲፒ ወንዝ አገር ዔሊ ናት፤ ከዓይንዋ ኋላ ቀይ መስመር ስላላት «ባለ ቀይ ጆሮ» ይሏታል። በ2006 በወጣው በዚህ ምርመራ ለ30 ቀን አልትራቫዮሌት መብራት የበራላቸው ባለ ቀይ ጆሮ ዔሊዎች መብራቱ ካልበራላቸው ይልቅ በደማቸው ውስጥ የቪታሚን ዲ መጠን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ የውሃ ዔሊም ጨረሩን እንደምትጠቀምበት ግልጽ ነው። ቪታሚኑን በጠብታ መስጠትም ይቻላል፤ ነገር ግን በአፍ የተሰጠ ቪታሚን ዲ ሲበዛ መርዝ ይሆናል። በቆዳ የሚሠራው ግን ራሱን ይገድባል፤ ምክንያቱም ቅድመ ቪታሚኑ ሲበዛ ያው ጨረር ወደማይጐዱ ሌሎች ነገሮች ይለውጠዋል። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ከጠብታው ይልቅ መብራቱ ይሻላል።

ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በ1919 ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም በበርሊን ሪኬትስ የያዛቸውን ሕፃናት በሜርኩሪ መብራት ብርሃን አድኗቸዋል። በአዲስ አበባም ሐኪሞች እናቶችን ሕፃኑን ጠዋት ፀሐይ አሙቁት ይላሉ። ሕፃኑን ከተዘጋ መስኮት ኋላ ይዛ የምትቀመጥ እናት ሙቀቱን እንጂ መድኃኒቱን አልሰጠችውም። ይህን ለእናቴ ብነግራት «እኛ ድሮም ደጅ አውጥተን ነው የምናሞቀው፤ እናንተ ናችሁ በመስተዋት የምታሞቁ» አለችኝ።

አሁን ወደ መብራቱ ልመለስ። አልትራቫዮሌት የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ሁሉ ለዔሊ አይሆንም። በሱቅና በባንክ ሐሰተኛ ብር የሚመረመርበት ሰማያዊ መብራት፣ ዝንብ የሚያጠምደው መብራትም፣ የሚሰጡት «ኤ»ን ነው፤ ለአጥንት አይጠቅሙም። ውሃና አየር ከጀርም የሚያጸዳው መብራት ደግሞ በ254 ናኖ ሜትር «ሲ»ን የሚረጭ ነው፤ ይህ የዔሊዋንም የባለቤትዋንም ዓይን ያቃጥላልና ፈጽሞ መሞከር አይገባም። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው ኤል ኢ ዲ አምፑል ለማንበብ ጥሩ ነው፤ ለዔሊ ግን ሙቀቱም ጨረሩም የለውም።

ለሚሳቡ እንስሳት ተብለው የሚሠሩት መብራቶች በዋናው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሙቀትንና «ቢ»ን አንድ ላይ የሚሰጥ የሜርኩሪ ተን አምፑል ነው። ሁለቱን በአንድ ቦታ ስለሚያዋህድ ለሐሳባችን የሚመች ይመስላል፤ ግን ለአገራችን ሁለት ችግር አለበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፑሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንደ ገና አይበራም፤ መብራት ደጋግሞ የሚሄድ የሚመጣ ከሆነም ዕድሜው ያጥራል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለ ሆነ በእኛ 220 ቮልት ወዲያው ይቃጠላል። ሁለተኛው ዓይነት ረጅም ፍሎረሰንት ነው። ወፍራሙ፣ 26 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ «ቲ 8»፣ ቀጭኑ፣ 16 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ «ቲ 5» ይባላል፤ ቀጭኑ ኃይለኛ ነው። የፍሎረሰንቱ መስተዋት ራሱ ቮልት አይመርጥም፤ የሚመርጠው ባላስቱ ነው። ስለዚህ የአንዱ ጓደኛችን አክስት ከአሜሪካ ሲመጡ 24 ዋት የሆነውን፣ 55 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመውን ቲ 5 በልብስ ጠቅልለው በሻንጣ አመጡልን፤ ባለ 220 ቮልት ባላስቱን እዚሁ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገዛን።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራን። ሃሎጅን አምፑሉን ለሙቀት ከድንጋዩ በላይ ሰቀልን፤ ፍሎረሰንቱን ግን ገንዳውን ደኅና አድርጎ ያበራል ብለን በሌላው ወገን፣ ከውሃው በላይ ሰቀልነው። ለዓይን ያማረ ነበር። ዔሊዋ ግን ቀኑን የምታሳልፈው ከድንጋዩ ላይ፣ ከሃሎጅኑ ሥር ነበር፤ ወደ ፍሎረሰንቱ ወገን ስትሄድ ከውሃው ውስጥ ገብታ ቀዝቅዛ ነው። ጨረሩ በሚያገኛት ጊዜ ትበርዳለች፤ በምትሞቅ ጊዜ ጨረር የለም። አንድ ወር እንዲህ አለፈ፤ የቅርፊትዋም ጠርዝ እንደ ለሰለሰ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱን መብራቶች ጐን ለጐን፣ ከአንዱ ድንጋይ በላይ አደረግናቸው። ከፀሐይ በታች ባለ ድንጋይ ላይ እኮ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም፤ የለያየናቸው እኛ ነን።

ስለ ርቀቱ ጥቂት ልበል። ከአንዲት ነጥብ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ እንደሚወርድ በፊዚክስ ተምረናል። ረጅም ፍሎረሰንት ግን ነጥብ አይደለም፤ በቅርብ ሲለካ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ የሚወርደው ወደ ግማሽ ገደማ ነው። ሆነም ቀረ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከኋላው አንጸባራቂ ቆርቆሮ ያለውን ቲ 5 ከዔሊዋ ጀርባ 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቀልነው። ቲ 8 ቢሆን ኖሮ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ማቅረብ ባስፈለገ ነበር። የአልትራቫዮሌት መጠን መለኪያ ተውሰን ስንለካ በድንጋዩ ላይ ቁጥሩ 3 ገደማ ሆነ፤ ይህም ፀሐይ እየሞቁ ለሚውሉ የውሃ ዔሊዎች የሚመከረው ያህል ነው። በመካከሉ ወንፊት ሽቦ ብናደርግበት ሲሶው ያህል ጐደለ። የገንዳውን የመስተዋት ክዳን ብናደርግበት ግን መለኪያው ዜሮ አለ። በዚያች ቅጽበት አምስቱን ወር በዓይኔ አየሁት።

መብራቱ ከላይ እንጂ ከጎን መምጣት የለበትም። ዔሊ ከላይ ለሚመጣ ፀሐይ የተሠራ ቅንድብ አላት፤ ከጎን የሚመጣው ግን በቀጥታ ዓይንዋን ይወጋዋል። ደግሞም የገንዳው ሌላ ወገን ጥላ ይሁን። ምን ያህል እንደሚበቃት የምታውቀው እርስዋ ናትና የምትሸሽበት ያስፈልጋታል።

ለሙቀቱ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የድንጋዩ ፊት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ቢደርስ ይበቃል። ይህንንም የአምፑሉን ዋት በማየት ሳይሆን ቴርሞሜትር ድንጋዩ ላይ አስተኝቶ፣ አምፑሉን ከፍ ዝቅ በማድረግ ማግኘት ነው። የጫጩት ማሞቂያ ቀይ መብራት በየገበያው ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ 250 ዋት ስለ ሆነ ለአንድ ትንሽ ድንጋይ ይበዛል፤ ሌላ ካልተገኘ እጅግ ከፍ አድርጎ መስቀል ይቻላል። የአምፑሉ ማቀፊያ ከፕላስቲክ ሳይሆን ሙቀት ከሚችል ሸክላ የተሠራ ይሁን፤ በሰንሰለትም ይታሰር። ውሃ የተረጨበት ትኩስ አምፑል ይፈነዳል፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ አምፑል ደግሞ ከዔሊዋ አልፎ ሰው ይገድላል። ሁለቱም መብራቶች በቀን 12 ሰዓት ይብሩ፣ ሌሊት ይጥፉ፤ በእኛ አገር ቀኑና ሌሊቱ እኩል ሊሆኑ ጥቂት ስለሚቀራቸው ይህ ከተፈጥሮው ጋር ይስማማል።

የውሃው ሙቀት ግን ቀንና ሌሊት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት። ለዚህ ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ ቴርሞስታት ያለው ባለ 100 ዋት ማሞቂያ አገኘን። ከመጀመራችን በፊት በወረቀት አሰላን። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 26 ለማድረስ 80 ጊዜ 11 ጊዜ 4.186፣ ማለትም 3,684 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። 100 ዋት ይህን ለመስጠት 10 ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጅበታል። ማሞቂያውን ማታ ሰክተን ጠዋት 26 እናገኛለን ብለን ሄድን። ጠዋት ስንመለስ ቴርሞሜትሩ 26 ሊደርስ ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ 26 የደረሰው በ20ኛው ሰዓት ላይ ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የረሳነው ውሃው እየሞቀ ሲሄድ በመስተዋቱና በገጹ በኩል ወደ ቀዝቃዛው ክፍል የሚያፈሰውን ሙቀት ነው። ምን ያህል እንደሚያፈስ ያወቅነው አንድ ሌሊት መብራት በሄደ ጊዜ ነው። ክፍሉ 15 ዲግሪ ሳለ ውሃው በ10 ሰዓት ከ26 ወደ 20 ወረደ። ከዚህ ተነሥተን ስናሰላ ገንዳው ክፍሉን በአንድ ዲግሪ በበለጠ ቁጥር 7 ዋት ያህል ያፈስሳል፤ በ11 ዲግሪ ልዩነት 80 ዋት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከ100ው ዋት ውሃውን ወደ ላይ ለመግፋት የሚተርፈው በመጨረሻው ላይ 20 ብቻ ነበር። ይህን ካወቅን ወዲህ ማታ ማታ የገንዳውን ሦስት ጎን በአሮጌ ጋቢ እንጠቀልላለን፤ ሌላ ሌሊት መብራት ሲሄድ የወረደው ወደ 22 ተኩል ብቻ ነው። ለደጋ ሰው ጋቢ የሚሠራው ሥራ ለዔሊም ይሠራል።

ማሞቂያው የመስተዋት ከሆነ ዔሊዋ እየገፋች ትሰብረዋለችና በቀዳዳ ፕላስቲክ ቱቦ መሸፈን ይገባል። ውሃ ሲቀየር ከሁሉ አስቀድሞ ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል።

መብራቱ ሁሉ ያስፈለገው ዔሊዋ ቤት ውስጥ ስላለች ነው እንጂ ከቤቱ ደጅ ያለችው ፀሐይ ከማናቸውም መብራት ትበልጣለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ስለዚህ ሰማይ በጠራ ቀን ረፋድ ላይ ወደ በረንዳ እናወጣታለን። የምናወጣት ግን በመስተዋቱ ገንዳ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የመስተዋት ገንዳ እንደ ምድጃ ይግላል፤ የሰውነትዋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ ትሞታለች። ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ጥቂት ውሃ፣ ግማሹን የሚጋርድ ጣውላና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይበቃል። ሰው ያልኩት አሞራ ስላለ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ሰማዩ ስለሚጋረድና አየሩም ስለሚቀዘቅዝ በመብራቱ ከመኖር በቀር ምርጫ የለም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቪታሚኑ ካልሲየምን እንዲገባ ያደርጋል እንጂ ካልሲየም አይፈጥርም። ቀይ ሥጋ ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ስለ ሆነ ብቻውን ቢሰጥ ችግሩን ያብሰዋል፤ እኛም ትተነው ከነአጥንቱ የሚበላ ትናንሽ ዓሣ፣ የምድር ትልና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት እንሰጣታለን። ዔሊዋን ወይም ውሃዋን የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን ጀርም ራስዋ ሳትታመም ትሸከማለችና።

መብራቶቹን ከአንዱ ድንጋይ በላይ ካደረግን ሰባት ወር ሆኗል። በሁለተኛው ወር ላይ እንደ ቀድሞዋ መብላት ጀመረች፤ በአራተኛው ወር የኋላ እግሮችዋ ጸኑ። ዛሬ የቅርፊትዋ ጠርዝ በአውራ ጣት ቢጫኑት አይጐብጥም። ነገር ግን ለስላሳ በነበረበት ጊዜ በጀርባዋ መካከል የወጣው ጉብታ አልተመለሰም፤ እንደማይመለስም መምህራችን ነግረውናል። እንግዳ ሲመጣ ስለ ጉብታው ይጠይቃል፤ እኛም እንናገራለን።

ፍሎረሰንቱ ለዓይን እንደ መጀመሪያው ቀን ይበራል። ጨረሩ ግን ብርሃኑ ሳይቀንስ አስቀድሞ እየደከመ ስለሚሄድ እንደ ዓይነቱ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ መለወጥ አለበት። የተተከለበትን ቀን በወረቀት ጽፈን በጫፉ ላይ ለጥፈናል፤ ለአክስታችንም አዲስ እንዲልኩልን ደብዳቤ ጽፈናል።